ማር የገባበት ክሬም

ማስታወቂያው በቴሌቪዥን የወጣ ዕለት ሚጢጢ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ተረከዟን ክሬም እየቀባች ነበር። ለወትሮው ማስታወቂያ ሲመጣ ቀና ብላም አታይም ነበር። ያን ዕለት ግን የምታውቀው ድምፅ ጆሮዋ ጥልቅ አለና ቀና አለች። ታላቅ እህቷ ናት። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ትከሻዋ ላይ ለቃ፣ መስኮት ዳር በተቀመጠች ሴት ፊት ተንበርክካለች። የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ትዳብሳለች። ሴትዮዋ እናታቸው ናት።

«እናቴ ቆዳዋ እየተሰነጠቀ ስትሰቃይ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም» አለች ታላቋ፣ ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ። «ይህን ክሬም በገዛ እጄ ቀመምኩላት። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ እናት ይድረስ።»

የሚጢጢ እጅ እናቷ ተረከዝ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ድምፁን ቀንሺው» አለች እናቷ።

«መቼ ነው የቀረጹሽ?»

«አንቺ ሥራ ሄደሽ ሳለ። መኪና ልካ አስወሰደችኝ።»

«እንዲህ እንደምትል ታውቂ ነበር?»

እናትየዋ የሻርፗን ጫፍ እየጠቀለለች ስትፈታ፣ እየጠቀለለች ስትፈታ ቆየች። «ልጄ፣ እባክሽ አትጣሉብኝ» አለች በመጨረሻ። «ሁለታችሁም የኔ ናችሁ። ማን ቀመመው፣ ማን ቀባው ምን ያደርጋል? እኔ ዳንኩ፣ አለቀ።»

ሚጢጢ የቀረውን እግር ቀብታ ጨረሰች። ካልሲ አጠለቀችላት። እጇን ታጠበችና መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የገባችው ልታለቅስ ነበር፤ እንባው ግን እምቢ አለ። በእንባው ፋንታ ሆዷ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ፣ የተረጋጋ ነገር ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ስም አልሰጠችውም። ስሙ ቂም ነበር።

ሚጢጢ የቤት ስሟ ነው፤ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነችና ቁመቷም ስላልረዘመ የወጣላት። እናታቸው ደግሞ ከተወለደች ጀምሮ ቆዳዋ ደረቅ ነው። ደረቅ ሲባል ሌላው ሰው በብርድ ጊዜ እንደሚደርቀው አይደለም። እግሯና ክንዷ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሳል፤ ጣቶቿ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ ይደማል። ስስ ጨርቅ ከነካች ጣቷ ክሩን ይመዘዋል። ሰው ስትጨብጥ እጇን በሻርፗ ጫፍ ትሸፍናለች። የሰፈር ልጆች በሌለችበት «አዞዋ» ይሏት ነበር።

ታላቋ ከልጅነቷ ጀምሮ መልከ መልካም ናት፤ መልከ መልካም መሆኗንም ታውቃለች። እናቷ ከትምህርት ቤት ልትወስዳት ስትሄድና እጇን ስትዘረጋላት፣ በእጇ ፋንታ የቦርሳዋን ማንገቻ ነበር የምታስይዛት። ከዚያ ጓደኞቿ አብረው መሆናቸውን እንዳያውቁ ቀደም ብላ ትሄዳለች። ቤት ውስጥም ማታ ማታ ቅባት መቀባት የሚጢጢ ሥራ ሆኖ ቀረ። «እኔ ይዘገንነኛል» ትል ነበር ታላቋ፣ እናቷ እየሰማች።

ሚጢጢ ኬሚስትሪ ያጠናችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስትመረቅ የታላቋ ባል ወደ ፋብሪካው ወሰዳት። ፋብሪካ ይባል እንጂ አንድ ትልቅ መጋዘንና ጎኑ ላይ የተለጠፈ ቢሮ ነው፤ ሳሙና፣ ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት ያመርታል። ለእሷ ከመጋዘኑ ጥግ ጠባብ ክፍል ተሰጣት። ሚዛን፣ ማደባለቂያና አንድ የሙቀት ሳጥን ነበራት፤ የሙቀት ሳጥኑ አንድ ክሬም በሙቀት ወራት ሱቅ ውስጥ ቢከርም ምን እንደሚሆን ቀድሞ የሚታይበት ነው። ሠራተኞቹ በነጭ ጋውኗ እየቀለዱ «ዶክተሯ» ይሏታል።

ቫዝሊን እናቷን ለጥቂት ሰዓት ከማለስለስ አልፎ አያውቅም። ላዩን ይሸፍናል፣ ከሥር ግን ድርቀቱ እንዳለ ነው። ሚጢጢ ችግሩ ከውስጥ መሆኑን ተምራለች። ጤነኛ ቆዳ የራሱን ፕሮቲን ሰባብሮ አሚኖ አሲዶች ያወጣል፤ እነዚያ ጥቃቅን ነገሮች ከላይኛው ሽፋን ውስጥ ሆነው ውኃ ስበው ይይዛሉ። ቆዳ የሚለሰልሰው በዚያ ውኃ ነው። የእናቷ ቆዳ ያን ፕሮቲን በቅጡ መሥራት አይችልም። «እንግዲህ የራሷ ከሌላት እኔ ከውጭ እሰጣታለሁ» አለች።

ሴሪን፣ ግላይሲን፣ ፕሮሊንና አርጂኒን የሚባሉትን አሚኖ አሲዶች፣ ሁሉም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ እየመዘነች መቀመም ጀመረች። አንዱ ሲበዛ ክሬሙ ያጣብቃል፤ ሌላው ሲበዛ ይሸታል። አንደኛው ቅመም የእናቷን ስንጥቅ ሲያቃጥላት እናትየዋ እግሯን ሰብስባ «ይሄኛውን ለጠላት አስቀምጪው» ብላ ሳቀች። ሚጢጢ ከሥራ በኋላም፣ በዕረፍት ቀንም አልተወችውም። በመጨረሻ የተስማማት ክሬም ወተት የመሰለ፣ ሽታ የሌለው፣ ቀብተውት ወዲያው የሚጠፋ ነበር። የብርድ ወራት ሲያልፍ እናቷ አንድ ጠዋት ከሳጥን ሥር የሐር ሻርፕ አወጣች። በጣቶቿ ዳበሰችው። ደግማ ዳበሰችው። ክሩ አልተመዘዘም።

«ነይ እስቲ ይሄን እዪ» ብላ ሚጢጢን ጠራቻት። ከዚያ ሁለቱም አልጋው ላይ ተቀምጠው ሻርፑን ሲዳብሱ አረፈዱ።

ታላቋ በቴሌቪዥን ቀርባ የራሷ ያደረገችው ይህንን ክሬም ነው።

ከማስታወቂያው ማግስት ሚጢጢ ጋውኗን ሳትለብስ በቀጥታ ወደ ቢሮ ገባች። የእህቷ ባል ጠረጴዛው ኋላ ነበር፤ ታላቋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች፤ የሚደርሳትን የአድናቆት መልእክት እያነበበች ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

«አየሽው?» አለችና ቀና አለች። «እማዬ አላማረችም?»

«አይቼዋለሁ።»

ባልየው ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው። «ስሚኝ ሚጢጢ፣ ይሄን ነገር አታክብጂው። ንግድ ነው። ሰው ክሬም ሲገዛ መልክ ነው የሚገዛው። አንቺ ደግሞ ካሜራ ፊት ስትቆሚ ላብ በላብ ትሆኛለሽ፤ እውነት አይደለም?»

«እኔ ካሜራ ፊት አቁሙኝ አላልኩም ጋሼ። ክሬሙንም ውሰዱት። እማዬን እኔ ነኝ የማስታምማት ማለቷ ነው ያመጣኝ።»

«እና እኔ ልጇ አይደለሁም?» አለች ታላቋ። «አንድ ቀን እንኳ አልቀባኋትም ነው የምትይው?»

«የትኛው እግሯ ነው የሚብሰው?»

«ምን?»

«የእማዬ። ቶሎ የሚሰነጠቀው የትኛው እግሯ ነው?»

ታላቋ ወደ ባሏ አየች፤ ባሏ ደግሞ ወደ መስኮቱ። «ግራው» አለች።

«ቀኙ ነው» አለች ሚጢጢና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ባልና ሚስቱም ዝም ስትል የተረሳት መሰላቸው። ክሬሙ ግን እንደ ጉድ ተሸጠ። ታላቋ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው መጠራት ጀመረች፤ አንድ የሴቶች ማኅበርም «የዓመቱ ልጅ» ብሎ ሸለማት። የሽልማቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናትየዋን ከፊት አስቀመጧት። ሚጢጢ ከኋላ ከፋብሪካው ሠራተኞች ጋር ተቀመጠች፤ አጠገቧ ክሬም ብልቃጥ ውስጥ የምትሞላው ሴት ነበረች፣ ሁልጊዜ ስለምትስቅ ሳቂታ የሚሏት።

«እግሯን እያጠብኩ» አለች ታላቋ ማይኩን ይዛ፣ «እግሯን እያጠብኩ፣ አምላኬ ሆይ ጥበቡን ስጠኝ እል ነበር።» ድምፅዋ ተቆረጠ። ከአዳራሹ የሚያለቅስ ሰው ተሰማ።

ሳቂታ ወደ ሚጢጢ ጆሮ ጠጋ አለች። «አንቺ፣ እኔ ማን እንደሠራው እያወቅኩ እንኳ አመንኳት እኮ።»

ሚጢጢ ፈገግ አለች። በዚያች ቅጽበት ምን እንደምትፈልግ ጥርት ብሎ ታያት። ክሬሙን ማስመለስ አልፈለገችም። ስሟ እንዲጠራም አልፈለገችም። የፈለገችው ታላቋ እንዲህ በሰው ፊት ቆማ፣ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሆኖ፣ ስለ ክሬሙ ተጠይቃ መልስ ስታጣ ማየት ነው። ያን ቀን ለማየት ዕድሜዋን ሙሉ ብትጠብቅም ግድ የላትም። ያን ያህል መጠበቅ ግን አላስፈለጋትም፤ ታላቋ ራሷ ይዛላት መጣች።

የሙቀት ወራት ሊገባ ሲል ነው። ታላቋ የማር ዕቃ ታቅፋ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባች። ከዚያ በፊት እዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም፤ የምትቀመጥበት አጥታ ቆመች።

«አዲስ ሐሳብ አለኝ» አለች። «ክሬሙ ውስጥ ማር እናስገባ። ሰው ማር ይወዳል። በክዳኑ ላይ የኔ ፎቶ፣ ከሥሩ 'በማር የተቀመመ'። እንዴት ነው?»

ሚጢጢ ማሩን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ወፍራም፣ ንጹሕ ማር ነው። ወዲያውም ገባት። የማር ስኳርና አሚኖ አሲድ ሙቀት ውስጥ አብረው ከቆዩ ይያያዛሉ፤ ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱን የሚያጠቁረው እሱው ነው። ምድጃ ውስጥ በደቂቃ የሚሆነው ሱቅ መደርደሪያ ላይ በሳምንታት ይሆናል። የእሷ ክሬም ደግሞ አርጂኒን አለበት፤ አርጂኒን ነገሩን ያፋጥነዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እትዬ፣ ይሄ አይሆንም» ትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበርም።

«ልሞክረው» አለች።

ጥቂት ቀመመችና አንዱን ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን የሙቀት ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ጠረጴዛ ላይ ያለው ነጭ እንደሆነ ቆየ፤ ሲከፈት ደስ የሚል የማር ሽታ አለው። ሳጥን ውስጥ የገባው መጀመሪያ የገለባ መልክ ያዘ፤ ቀጥሎ የሻይ፤ በመጨረሻ እንዳረረ ስኳር ጠቆረ። ስትከፍተው ያረረ ስኳርና ያልታጠበ ካልሲ አንድ ላይ ሸተታት። ሰው ላይ ጉዳት እንዳያመጣ ግን ፈራች። የጠቆረውን ክንዷ ላይ እየቀባች ሰነበተች፤ አላሳከካትም፣ አልቀላም። የማንም እናት ቆዳ በእሷ ቂም እንዲነካ አልፈለገችም። መርከስ ያለበት ክሬሙ ብቻ ነው፤ ከክሬሙም ጋር በክዳኑ ላይ ያለው ፊት።

ነጩን ብልቃጥ ይዛ ቢሮ ገባች። ባልየው ከፈተው፣ አሸተተው፣ እጁ ላይ ቀባው።

«ግሩም ነው። ቶሎ ካላወጣነው ወቅቱ ያመልጠናል» አለ። ከዚያ በነገር ወጋ ሊያደርጋት ፈልጎ ሳቀ። «ያ የሙቀት ሳጥን ምድጃሽ ውስጥ የምትከቺውን ነገር ዘንድሮ እንኳ ተይን። በእሱ ምክንያት ስንቴ ዘገየን?»

ድሮ እዚህ ላይ ነበር የሚጣሉት። «ሳይሞከር አይወጣም» ትለዋለች፣ ይጮኻል፣ ትጮኻለች፣ በመጨረሻ እሱ ይሸነፋል።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ቀና ብሎ አያት። ሳትከራከር ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ስላለው ግን ለምን ብሎ አልጠየቀም።

አከፋፋዮች ሊያዩ በመጡ ዕለትም ከመካከላቸው አንዱ ወደ ጠባቧ ክፍል ብቅ ብሎ ስለ ቅመሙ ሊጠይቃት ፈለገ። ሚጢጢ በትህትና ወደ ቢሮው አመለከተችው። «ቀማሚዋ እሷ ናት» አለችው። «እኔ መዛኝ ነኝ።» ታላቋ ይህን ስትሰማ ልቧ ሞላ። በዚያ ሳምንት በሬዲዮ ቀርባ «የማሩን ክሬም ብቻዬን ነው የቀመምኩት፤ የማንም እጅ አልነካውም» አለች። ሚጢጢ ይህን ሚዛኗ ፊት ተቀምጣ ሰማች። ሬዲዮውን ዘግታ ሥራዋን ቀጠለች፤ እጇ ግን ደስ ብሎት ነበር የሚመዝነው።

ሙቀቱ ገባ። ያን ዓመት ደግሞ ሙቀቱ ለብቻው ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ሱቆች ውስጥ መቆም አይቻልም። መጀመሪያ አንድ ባለሱቅ ደውሎ «ክሬማችሁ ቢጫ ሆኗል» አለ። ባልየው «ማር እኮ ነው፣ ማር ቢጫ ነው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ሌላው ደወለ። ከዚያ ደንበኞች የጠቆረ ክሬም ፎቶ እያነሱ መለጠፍ ጀመሩ፤ ክዳኑ ላይ ታላቋ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ትስቃለች፣ ከክዳኑ ሥር ያለው የጫማ ቀለም ይመስላል። ቀልደኞች «የክት ጫማችሁን በማር አሳምሩ» አሉ።

ባልየው ሲንጎራደድ ዋለ። ታላቋ ግን በራሷ ተማምናለች። «የቅዳሜ ከሰዓቱን ፕሮግራም እቀርባለሁ» አለች። «እኔ ካወራሁ ሰው ያምነኛል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሚጢጢ ከእናቷ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠች። ፕሮግራሙ ቀጥታ የሚተላለፍ ነው። ታላቋ አምራለች። ከጎኗ አንድ ሸምገል ያሉ የቆዳ ሐኪም ተጋብዘዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ብልቃጥ አለ። አዘጋጇ ልታሸተው ጎንበስ አለችና ፊቷን መለስ አደረገች።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?» ስትል ጠየቀች።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ነው» አለች ታላቋ። «ተፈጥሯዊ ነገር መልኩን ይለውጣል።»

ሐኪሙ በእርጋታ ገቡበት። «ልጄ፣ በእርግጥ አሚኖ አሲድ ለደረቅ ቆዳ ጥሩ ነው። እኔም ለሕመምተኞቼ የፊተኛውን ክሬም አዝላቸው ነበር። የገረመኝ ከማር ጋር ማቀላቀላችሁ ነው። የትኞቹን አሚኖ አሲዶች ነው የተጠቀምሽው?»

ታላቋ ፈገግ አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ ቆየ፤ ቆየና ደረቀ። አዘጋጇ ነገሩ ጥሩ እንዳልሆነ ገብቷት «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አለች።

የሚጢጢ ስልክ ጠራ።

«ሚጢጢ፣ ቶሎ በይ» አለች ታላቋ እየተንሾካሾከች። «ስማቸውን ንገሪኝ። ለምን ጠቆረ ልበል? ቶሎ፣ ሊጀምሩ ነው።»

ሚጢጢ እናቷን አየቻት። እናቷ ስልኩ ላይ ማን እንዳለ አውቃለች። በዓይኗ ትለምናት ነበር።

«እትዬ» አለች ሚጢጢ፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱ ቃል እንዲሰማ፣ «እናትሽን ለማዳን በገዛ እጅሽ ቀመምሽው አይደል? እንዴት አድርገሽ እንደቀመምሽው ንገሪያቸው።»

ስልኩን ዘጋችው። ታላቋ ደግማ ደወለች፤ አላነሳችም።

ፕሮግራሙ ሲመለስ ታላቋ ውኃ እየጠጣች ነበር። «የአሚኖ አሲዶቹ ዓይነት የፋብሪካችን ምስጢር ነው» አለች።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አደረጉና ብልቃጡን አዙረው አነበቡ። «እዚሁ ተጽፏል እኮ ልጄ። ሴሪን፣ ግላይሲን፣ ፕሮሊን፣ አርጂኒን።» በትዝብት አላሉትም፤ ይህ ደግሞ ባሰባት።

«እ… እውነቱን ለመናገር ሠራተኛ ነው ያበላሸብን» አለች።

«ነገር ግን በሬዲዮ ብቻዬን ነው የቀመምኩት፣ የማንም እጅ አልነካውም ብለው ነበር» አለች አዘጋጇ።

ታላቋ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ካሜራው ቀረብ አደረጋት። ሚጢጢ ወደ ፊት ተጠግታ ያን ፊት አየች፤ ዓይኗን አልነቀለችም። ደስታዋ እውነተኛ ነበር። በደንብ የተራበ ሰው የሚወደው ምግብ ሲቀርብለት እንደሚሰማው፣ እስከ እግር ጥፍሯ ደስ አላት።

እናቷ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። «በቃሽ» አለች። መኝታ ቤቷ ገባች። ያን ቀን ማታ «ልቀባሽ» ስትላት በሩን አልከፈተችላትም።

ሰኞ ባልየው ቢሮ ጠራት። ዓይኑ ቀልቷል። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለ። «አውቀሽ ነው?»

«አዎ።»

ትክዳለች ብሎ ጠብቆ ስለነበር ደነገጠ። «ምን ማለትሽ ነው አዎ?»

«ክዳኑ ሳይታተም እንደሚጠቁር አውቄያለሁ። ምድጃሽን ተይን አልከኝ፣ እሺ አልኩህ።»

«የገዛ እህትሽን!»

«የገዛ እህቴን» አለች። ጋውኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ውጪ እስኪላት አልጠበቀችም፤ ራሷ ወጣች።

ግቢው ውስጥ የመሙያ ክፍሉ ሴቶች ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ማሽኑ ቆሟል፤ ወደ ቤት ሂዱ ተብለዋል። ሳቂታ ከመካከላቸው ወጥታ መጣች። አልሳቀችም።

«አውቀሽ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እህትሽን ስትመቺ እኛ መሐል ላይ ቆመን አላየሽንም?»

ሚጢጢ ይህን አላሰበችውም ነበር። የክሬሙን መጥቆር አስባለች፣ የገዢውን ቆዳ አስባለች፣ የሳቂታን እንጀራ ግን አላሰበችም። ልትናገር ሞከረች፤ ሳቂታ ግን ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች። ያን ሁሉ ወራት ካደረገችው ነገር መሬት ዋጪኝ ያሰኛት ይህ ብቻ ነው።

እናቷ ለሳምንት ያህል አኮረፈቻት። ቆዳዋ እንደገና መነሳት ሲጀምር ግን እምቢታዋ ላላ። አንድ ቀን ከሰዓት ሚጢጢ እግሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀባት እናቷ ሳትጠየቅ ማውራት ጀመረች።

«ለምን እሺ እንዳልኳት ታውቂያለሽ?»

«እንዳንጣላብሽ።»

«እሱ ውሸት ነው። ያን ቀን ካሜራው ፊት እጄን ያዘችኝ። እሷ እኮ እጄን ይዛ አታውቅም፤ ሕፃን ሆና ካልሆነ። ሰውየው ድጋሚ ያዢያት አላት፤ ድጋሚ ያዘችኝ። ብርሃኑ አልተመቸኝም አለ፤ ደግማ ያዘችኝ። ስንት ጊዜ እንዳስያዟት አላውቅም። ለማስታወቂያው ብላ ነው የምትይዘኝ፣ አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ። ደግማ እንድትይዘኝ ብዬ ሆን ብዬ ወደ ጎን ዞር እል ነበር፣ እንዲበላሽ።»

ሚጢጢ መቀባቷን አላቆመችም። «እኔ በየቀኑ እይዝሻለሁ» አለች።

«አንቺንማ አውቃለሁ። አንቺን አልጠብቅም። ያልጠበቁት ነው ልብ የሚሰርቀው። አጥፍቻለሁ፤ ባንቺ ላይ አጥፍቻለሁ።»

ይህን በመስማቷ ለእናቷ የያዘችው ቅሬታ ለቀቃት። ለእህቷ የያዘችው ግን ንቅንቅ አላለም።

ፋብሪካው ወደ ሳሙናና ቫዝሊን ተመለሰ። የክሬሙ ስም የጫማ ቀለም ቀልድ ሆኖ ስለቀረ ማንም ሊሠራው አልደፈረም። ታላቋም ከቴሌቪዥን ጠፋች። ሚጢጢ የእናቷን ሳሎን ግማሽ ጋርዳ የራሷን ክሬም መቀመም ጀመረች፤ ያው ወተት የመሰለው፣ ማር የሌለበት። ሳቂታን ደጋግማ ቤቷ ድረስ ሄዳ ለመነቻት። የመጀመሪያውን ጊዜ በሩን አልከፈተችም፤ በኋላ ከፈተች፤ በመጨረሻ «እሺ፣ ግን እህትሽን ልትጣዪ ስትነሺ አስቀድመሽ ለኔ ንገሪኝ፣ ሌላ ሥራ ልፈልግ» ብላ መጣች። እኚያ የቆዳ ሐኪም ከሰው ሰምተው ክሬሙን ለሕመምተኞቻቸው ማዘዝ ጀመሩ። በብልቃጡ ክዳን ላይ የማንም ፊት የለም።

ታላቋ የመጣችው ብርዱ ከገባ በኋላ ነው። ሳትቀባባ፣ ፀጉሯን አስራ፣ በር ላይ ቆመች። ሚጢጢ በሩን ከፈት አድርጋ መንገዱን ሳትለቅ አየቻት።

«ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አለች ታላቋ።

«በቴሌቪዥን ንገሪያቸው።»

«እሱን አልችልም። ሁለተኛ ሰው ፊት መቆም አልችልም። አንቺ እንዲህ አድርገሽኛል።»

«እንግዲያው ይቅርታ የለኝም።»

ታላቋ አቀረቀረች። ሚጢጢ ትሄዳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ታላቋ ግን አልሄደችም። «እማዬን ልያትስ?» አለች።

ሚጢጢ ያን ጊዜ በሩን ለቀቀች። መደርደሪያው ላይ ካለው አንድ ብልቃጥ አንስታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ገና አልተቀባችም» አለችና ወደ መቀመሚያዋ ገብታ መጋረጃውን ሳበችው።

ከመጋረጃው ወዲያ የእናቷ ድምፅ «ቀስ» ሲል ተሰማ፤ «እንደሱ አይደለም፣ በጣቶቼ መሐልም»። ሳቂታ ብልቃጥ መሙላቷን ትታ ጆሮዋን አቀናች። ሚጢጢ በምልክት ሥሪ አለቻት።

ታላቋ ከሄደች በኋላ ሚጢጢ ገብታ የእናቷን እግር ገልጣ አየች። ክሬሙ እዚህም እዚያም ነጭ ሆኖ ተከምሯል።

«ግድግዳ የምትለስን ነው የሚመስለው» አለች እናቷ። «አንዴ ደግሞ ዞር ብላ ሊያስመልሳት ሲል ሰምቻታለሁ።»

«ይበላት» አለች ሚጢጢ።

ሁለቱም ሳቁ፤ እናትየዋ እየሳቀች ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ነገም እመጣለሁ ብላለች» አለች።

ሚጢጢ የተከመረውን ክሬም በመዳፏ እየሰበሰበች ተረከዟ ላይ አዳረሰችው። «ትምጣ» አለች። «እኔ ግን አላናግራትም።»

«አታናግሪያት። እኔ አናግራታለሁ።»